አዝማቹ ውስጥ የሚገባው ስም

በአንድ ወቅት፣ ያውም እኔና እናንተ በሕይወት እያለን በሆነ ወቅት፣ ሐይቅ ዳር በተቆረቆረች አንዲት ከተማ የምርምር ቤት ነበረ። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ የተሠራ ነው። የአገሩ ሰው «የአይጦቹ ቤት» ይለው ነበር፤ እውነቱን ነው፣ በዚያ ቤት ውስጥ ከሰው ይልቅ ነጫጭ አይጦች ይበዙ ነበር።

የዚህን ቤት ሰዎች አንድ ጥያቄ እረፍት ነስቷቸው ነበር። በማህፀን በር ካንሰር የታመሙ ሴቶች በጨረር ይታከማሉ። ጨረሩ ካንሰሩን ያጠፋዋል፤ ሴቲቱም «ድነሻል» ትባላለች፤ እውነትም ድናለች። ነገር ግን የሽንት ፊኛ ከማህፀን ጋር ጎን ለጎን ነውና፣ ጨረሩ ሲያልፍ እሱንም ይነካዋል። አንዳንዶቹ ላይ ወራት ካለፉ፣ አንዳንዴም ዓመት ከቆየ በኋላ፣ ያ ሲሞላ የሚለጠጥ፣ ሲጎድል የሚሰበሰብ ሥጋ ይደድራል፣ ይጠብባል። ያን ጊዜ ሴቲቱ በየግማሽ ሰዓቱ ከተቀመጠችበት መነሳት አለባት። አውቶቡስ አትሳፈርም። ለቅሶ አትደርስም። ሰርግ ብትጠራ ሰበብ ትፈልጋለች። ከሞት ተርፋ ከመጸዳጃ ቤት ደጃፍ መራቅ ያቅታታል።

«ይህ ነገር የሚጀምረው መቼ ነው? ማስቀረትስ ይቻላል?» የሚለውን ጥያቄ በአይጦች ላይ እንዲያጠኑ ሦስት ሰዎች ተመደቡ።

አንደኛዋ ወይዘሮ ውድነሽ ናቸው። የእንስሳት ክፍሉ ተንከባካቢ ነበሩ። ትምህርታቸው ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ነገር ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአይጦች ጋር ኖረዋል። አንድ አይጥ ሳይበላ ካደረ፣ የምግብ ሳህኑን ሳያዩ ከጆሮው አቀማመጥ ያውቃሉ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል።

ሁለተኛዋ ዶክተር ኑሪያ ነች። ከሰውነት የተወሰደ ቁራጭ ሥጋ በሰም ውስጥ አድርጋ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ አሳስታ ትቆርጥና፣ መስታወት ላይ አንጥፋ በማይክሮስኮፕ ታነበዋለች። ጥንቃቄዋ የታወቀ ስለሆነ እሷ ያነበበችውን ደግሞ የሚያነብ ሰው አልነበረም።

ሦስተኛው ዶክተር ኦብሳ ነው። ሥራው መድኃኒት ነው። ገና ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ወሬ ይወዳል፣ ቁጭ ማለት አይሆንለትም፣ ሲያስብ እንኳ እየተንጎራደደ ነው።

የሦስቱም አለቃ ፕሮፌሰር ላቀው ይባላሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን የሚያስተዳድሩት ቤት ጠባብ፣ ጥናቱ ብዙ ስለሆነባቸው፣ «ይህ አልቋል፣ ቀጣዩ ይግባ» ማለት ይወዳሉ።

ጥናቱ ተጀመረ። አይጦቹ በማደንዘዣ ተኙና ከሆዳቸው በታች፣ ፊኛው ባለበት ቦታ ብቻ፣ ጨረር ተለቀቀባቸው። ለማነጻጸሪያ የተመረጡት ደግሞ እንዲሁ ተኝተው ተነሱ፤ ጨረር አልነካቸውም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጨረር የነካቸው አይጦች ፊኛ ተቆጣ፤ ቶሎ ቶሎ ይሸኑ ጀመር። በአራተኛው ሳምንት ጸጥ አለ። በዚያው ሳምንትና በስድስተኛው ከጥቂቶቹ ላይ ሥጋ ተወሰደና ዶክተር ኑሪያ አነበበችው። «አገግሟል» ብላ ጻፈች። ብዙ ሳይቆይ የሐኪሞች ጉባኤ ተደረገ፤ እሷም ከየአገሩ በመጡ ሐኪሞች ፊት ቆማ የጻፈችውን አነበበች። ተጨበጨበላት።

ፕሮፌሰር ላቀውም ቀን ቆረጡ። «ጥያቄው ተመልሷል። አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ጥናቱ ይዘጋ። የቀሩት አይጦች አርብ ዕለት እንዲያንቀላፉ ይደረግ፤ ክፍሉ ለወባ ጥናት ይፈለጋል» አሉ።

አሁን ወይዘሮ ውድነሽ ያደረጉትን ስሙ።

በየጠዋቱ ከአይጦቹ ጎጆ ሥር መምጠጫ ወረቀት ያነጥፋሉ፤ በማግስቱ ያነሱታል። የሽንቱ ጠብታ ሲደርቅ ቢጫ ክብ ይተዋል። ሌላው ሰው ቢሆን ጠቅልሎ ይጥለዋል። እሳቸው ግን ገመድ ላይ ያደርቁትና ቀኑን በእርሳስ ጽፈውበት ሣጥን ውስጥ ይከቱታል። ለምን እንደዚያ እንደሚያደርጉ ሲጠየቁ «ሳላይ መጣል አልወድም» ይሉ ነበር። ከስምንተኛው ሳምንት በኋላ ያዩት ነገር አላስደሰታቸውም። ጨረር ያልነካቸው አይጦች ወረቀት ላይ ሦስት ወይ አራት ክብ ይገኛል፣ እያንዳንዱ የብርጭቆ አፍ ያክላል። «አገግመዋል» የተባሉት ግን ስድስት፣ ከዚያ ዘጠኝ፣ ከዚያ አሥራ አራት፤ ክቡም እያነሰ እያነሰ የሸሚዝ ቁልፍ ሊያክል ደረሰ።

ለፕሮፌሰሩ ሄደው በቃል ነገሯቸው። ፕሮፌሰሩም ወደ ስብሰባ እየተጣደፉ ነበርና «ሥጋው ታይቷል እኮ፣ ወይዘሮ ውድነሽ። ከሥጋው በላይ ማን ይመሰክራል?» ብለዋቸው አለፉ።

ሐሙስ ጠዋት ፕሮፌሰር ላቀው ሥራ ሲገቡ ኮሪደሩ ተለውጦ አገኙት። ከእንስሳት ክፍሉ በር አንስቶ እስከ እሳቸው ቢሮ ድረስ፣ ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ ቢጫ ክብ ያለበት ወረቀት ተሰቅሏል። ወይዘሮ ውድነሽ ነጭ ካፖርታቸውን ለብሰው መሀል ላይ ቆመዋል። ከእንስሳት ክፍል የወጣ ቆሻሻ ወደ ቢሮ ማምጣት ከሥራ የሚያስባርር ጥፋት ነው፤ ይህንንም እሳቸው ከማንም በላይ ያውቃሉ።

«ወይዘሮ ውድነሽ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«የሽንት ወረቀት ነው፣ ፕሮፌሰር።»

«እሱንማ በአፍንጫዬም አወቅኩት። እዚህ ምን ያደርጋል?»

«ዝም ብለው ይራመዱልኝ። በግራዎ በኩል ያለው ጨረር ያልነካቸው ነው። በቀኝዎ የነካቸው። ከዚህ በር ተነስተው ቢሮዎ ሲደርሱ ሰባት ሳምንት ይሄዳሉ።»

ፕሮፌሰሩ ሊቆጡ ነበር፤ ነገር ግን ቢሮአቸው ለመግባት መራመዳቸው አልቀረም። ተራመዱ። በግራ በኩል ያለው ከበር እስከ በር ያው ነው። በቀኝ በኩል ያለው እያነሰ፣ እየበዛ፣ እየተበታተነ ሄዶ ቢሮአቸው በር ላይ ሲደርስ ወረቀቱ ኩፍኝ የወጣበት መሰለ። ቢሮአቸው አልገቡም። ዞረው ተመለሱና እንደገና ከመጀመሪያው ተራመዱ።

«ድነዋል ያልናቸው እነዚህን ነው?» አሉ።

«አዎ። ወረቀቱ ግን አልሰማም።»

ፕሮፌሰሩ ሳያስቡት ሳቃቸው መጣ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «ነገ ማንም አይጥ አይሞትም። የወባዎቹ ይጠብቁ። ስድስት ወር ጨምሬልዎታለሁ» አሉ። ወይዘሮ ውድነሽም ወረቀቶቹን እየነቀሉ፣ ሰው የማይሰማቸው መስሏቸው፣ እስከ እንስሳት ክፍሉ ድረስ ያንጎራጉሩ ነበር።

ከሰዓት በፊት ያንን ኮሪደር የተራመደ ሌላም ሰው ነበር። ዶክተር ኑሪያ። ከወይዘሮ ውድነሽ እጅ ወረቀቶቹን ተቀብላ አንድ በአንድ አየቻቸው። «አመሰግናለሁ፣ እትዬ» ብላ መለሰችላቸውና ወደ ክፍሏ ገባች። ምሳ አልበላችም።

ሰም ውስጥ የተቀመጠው ሥጋ ገና አልተጣለም ነበር። ባለፈው ጊዜ እንደ ደንቡ ከየፊኛው መሀል መሀሉን ቆርጣ ነበር ያየችው። አሁን እያንዳንዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ልቁረጠው አለች። አንድ ሺህ አንድ መቶ ቁራጭ ወጣው። ሰባት ሳምንት ፈጀባት። አንገቷ አልዞር አላት፤ ልጆቿ እራት ላይ «እማዬ፣ ዓይንሽ ማይክሮስኮፕ መሰለ» እያሉ ይስቁባት ነበር። መቁረጥ በጀመረች በስምንተኛው ሳምንት አገኘችው። ጉዳቱ ሁሉንም ቦታ የያዘ አልነበረም፤ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ፣ እንደ ብል ቀዳዳ ተበታትኖ ነው ያለው። የፊኛውን ውስጠኛ ግድግዳ ሽንት እንዳያቃጥለው የሚሸፍነው ስስ ሽፋን በየቦታው ሳስቷል። ከሳሳው ቦታ ሥር ደግሞ ደረቅ የጠባሳ ክር መብቀል ጀምሯል። የሚገርመው ይህ የጀመረው በአሥረኛው ወይ በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት አይደለም። በአራተኛው ነው! ሁሉም ነገር ጸጥ ያለ፣ አይጦቹም የተሻላቸው በመሰለበት ጊዜ።

ለፕሮፌሰሩ ስትነግራቸው ደስ አላቸው። «እንዲህ ያለ ግኝት! የሚመጣው ጉባኤ ላይ እንደ አዲስ ሥራ አቅርቢው። ያለፈውን ማንሳት አያስፈልግም፤ ሳይንስ ሁልጊዜ ይታደሳል» አሏት።

እሷ ግን ጉባኤው ላይ ስትቆም የመጀመሪያ ቃሏ ሌላ ነበር።

«ባለፈው ጊዜ እዚህ ቆሜ ‹አገግሟል› ብያችሁ ነበር። አላገገመም። መሀሉን አይቼ ዳሩን ስላላየሁ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። በእኔ ቃል ‹ከእንግዲህ ተመልሰሽ መምጣት የለብሽም› ያላችኋት ሴት ካለች፣ እባካችሁ ጥሩልኝ።»

ከፊት የተቀመጡት ሐኪሞች እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱማ ማስታወሻ ደብተሩን ከደነ። የእሷ ዓይን ግን አልተሰበረም። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ሐኪም ተነሱ። «ስንተኛው ሳምንት ላይ ነው የሚጀምረው፣ ልጄ?» አሏት።

«አራተኛው ላይ ነው፣ ዶክተር።»

«አራተኛው» ብለው ጻፉ። ከዚያ ሌላውም ጻፈ፤ የተከደነውም ደብተር ተገለጠ። በዚያው ሳምንት ከሦስት ሆስፒታሎች ሴቶች ተመልሰው መጠራት ጀመሩ። ኑሪያ ወደ ቤቷ ስትመለስ ልጆቿ ከወትሮው በላይ ስትስቅ አገኟት፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገረቻቸውም።

አሁን ደግሞ ዶክተር ኦብሳ።

ፊኛ ውስጥ በቀጭን ቱቦ ገብቶ የሳሳውን ሽፋን የሚደግፍ አንድ ፈሳሽ መድኃኒት ነበረ። ብዙዎች በእንስሳት ላይ ሞክረውታል፤ አልሠራም ብለው ትተውታል። የሞከሩት ግን ሽንቱ ከተጣደፈ፣ ሥጋውም ከደደረ በኋላ ነው። ኦብሳ የአራተኛውን ሳምንት ነገር በሰማ ዕለት ክፍሉ ውስጥ ሲንጎራደድ ዋለ። በመጨረሻ ኑሪያ ክፍል ሳያንኳኳ ገባ።

«ሳይታመሙ እናክማቸዋ!» አላት።

«ምን አልክ?»

«አይጦቹን ነዋ። በአራተኛው ሳምንት። ደህና መስለው ዘወር ዘወር ሲሉ መድኃኒቱን እንስጣቸው።»

ሰዎች ሳቁበት። የሚሮጥ፣ የሚበላ፣ ምንም ያልሆነ እንስሳ እንዴት ይታከማል? ያውም የቀረው መድኃኒት ለአርባ አይጦች ብቻ የሚበቃ ነው፤ ካለቀ በኋላ ሌላ እስኪመጣ ድረስ ዓመት ይፈጃል። «ለታመሙት ይቆይ» አሉት። እሱ ግን ሰማንያ አዳዲስ አይጦች በጨረር እንዲነኩ አደረገና፣ አራተኛ ሳምንታቸው ላይ ያለውን ሁሉ ለደህናዎቹ ሰጠ። አርባዎቹ መድኃኒቱን፣ ሌሎች አርባ ደግሞ ጨው ያለበት ውኃ ብቻ ወሰዱ። የትኛው የትኛውን እንደወሰደ በየአይጡ ቁጥር ተጽፎ ፖስታ ውስጥ ታሸገ፤ የሚያውቅ ኦብሳ ብቻ ነው፤ ወረቀት የሚቆጥሩት ወይዘሮ ውድነሽም፣ ሥጋ የምታነበው ኑሪያም አያውቁም።

ወራት አለፉ። የቁጥሩ ፖስታ የሚከፈትበት ቀን ደረሰ። ሰው ሁሉ በእንስሳት ክፍሉ በር ላይ ተሰበሰበ። ወይዘሮ ውድነሽ ወረቀቶቹን ሁለት ቦታ ከፍለው ወለሉ ላይ አንጥፈዋል፤ በአንዱ በኩል ኩፍኝ፣ በሌላው በኩል ሰፋፊ ክብ። ኦብሳ ፖስታውን ቀዶ አነበበ፣ ወረቀቱን አየ፣ ደግሞ አነበበ።

«ተናገር እንጂ!» አሉ ወይዘሮ ውድነሽ።

«ሰፋፊዎቹ... መድኃኒት የወሰዱት ናቸው። ከአርባው ሠላሳ አራቱ!»

ወይዘሮ ውድነሽ እልልታቸውን ለቀቁት። በእንስሳት ክፍል መጮህ ክልክል ነው፤ ክልክል መሆኑንም በትልቁ ጽፈው የለጠፉት ራሳቸው ናቸው። አይጦቹ ደንግጠው ጥግ ጥጋቸውን ያዙ። ኑሪያ እየሳቀች አፏን በሁለት እጇ ያዘች፤ ፕሮፌሰሩም «ቀስ! ቀስ!» እያሉ እሳቸው ራሳቸው ያጨበጭቡ ነበር።

የቀረው ሰው ላይ መሞከር ነበር። ዓመቱ ሞልቶ የታዘዘው መድኃኒት ሲመጣም፣ ሕጉ እንደሚያዘው፣ ከታማሚ በፊት አንድ ጤነኛ ሰው መውሰድ አለበት። ማስታወቂያ ተለጠፈ። ቱቦው የት እንደሚገባ ያነበበ ሁሉ እየሳቀ አለፈ። ሁለት ወር ማንም አልመጣም። ኦብሳ ስሙን ጻፈ።

«አንተ ተመራማሪው ነህ» አሉት ፕሮፌሰሩ።

«ጤነኛም ነኝ፣ ፕሮፌሰር። ሌላ ሰው እስኪመጣ ሴቶቹ አራተኛ ሳምንታቸውን እያለፉ ነው።»

የጤና ኮሚቴው መክሮ ፈቀደ፤ ሌሎች ሐኪሞችም እንዲይዙት ተደረገ። መድኃኒቱ ምን እንደሚያደርገው እርግጠኛ የነበረ ሰው የለም፤ ከወሰደው በኋላ ለሦስት ቀን አቃጠለው፣ ትኩሳትም ያዘው። ወይዘሮ ውድነሽ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁት ሄዱ።

«ዛሬ ስንት ጊዜ ሄድክ?» አሉት ገና ሳይቀመጡ።

«እትዬ፣ መጀመሪያ እንዴት ነህ አይባልም?»

«ለእኔ እንዴትነትህ እሱ ነው።»

በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው። በአሥረኛው ቀን ሥራ ገባ። መንገዱም ለታማሚዎች ተከፈተ።

መጀመሪያ የገቡት ሴት ወይዘሮ ትርንጎ ይባላሉ። በዚያች ከተማ ሰርግ ያለ ወይዘሮ ትርንጎ አይደምቅም። ከበሮ መቺያቸውን አስከትለው ሙሽራ ከሚገባበት ሰዓት እስከሚሸኝበት ድረስ ቆመው የሚዘፍኑ፣ ድምፃቸው ከሐይቁ ወዲያ ማዶ የሚሰማ ሴት ናቸው። ታላቅ እህታቸው በዚሁ ካንሰር ታመው በጨረር ድነው ነበር፤ ከዚያ ግን ፊኛቸው ጠቦ ከቤት መውጣት ተዉ። ወይዘሮ ትርንጎ በሽታው እሳቸውንም ሲያገኛቸው ከካንሰሩ እኩል የፈሩት ያንን ነበር። ጨረሩን ጨርሰው በአራተኛው ሳምንት፣ ምንም ሳያማቸው፣ ኦብሳ ፊት ቀረቡ።

«ምንም አላመመኝም እኮ፣ ልጄ» አሉት።

«ለዚህ ነው የጠራሁዎ» አላቸው።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ስድስተኛው ወር አለፈ። ዓመቱ አለፈ። ወይዘሮ ትርንጎ በየጠዋቱ ሲነሱ ሰውነታቸውን ያዳምጣሉ፤ ምንም የለም። ከእሳቸው በኋላ መድኃኒቱን የወሰዱ ሃያ ስድስት ሴቶችም በየወሩ እየመጡ ይታያሉ፤ ከሁለቱ በቀር ሁሉም ደህና ናቸው። ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላ ወይዘሮ ትርንጎ ከበሮ መቺያቸውን አስጠሩ።

«የቀጠርነው ሰርግ አለ?» አሏት።

«የእሁዱ አለ። ‹አሞኛል› ብለሽ እምቢ ያልሽው።»

«እመጣለሁ በያቸው። ቆሜ ነው የምውለውም በያቸው።»

ለዚያ ሰርግ የምርምር ቤቱ ሰዎች በሙሉ ተጠሩ። ድንኳኑ ሐይቁ ዳር ተተክሏል። ነፋሱ የድንኳኑን ጫፍ ያራግበዋል፤ ሙሽሮቹ መጡ፣ ጭፈራው ተነሳ። ወይዘሮ ትርንጎ አረንጓዴ ጥለት ያለው ቀሚሳቸውን ለብሰው መሀል ገቡ። አንድ ሰዓት ዘፈኑ። ሁለት ሰዓት ዘፈኑ። ወይዘሮ ውድነሽ ጡረታ ቢወጡም ከልማድ የተነሳ በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። በሦስተኛው ሰዓት ፕሮፌሰር ላቀው ሹልክ ብለው ተነስተው ወጡና ተመለሱ። በአራተኛው ሰዓትም ተነሱ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ውድነሽ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ፕሮፌሰሩ ሁለት፣ ትርንጎ ዜሮ!» ብለው ጮሁ። የምርምር ቤቱ ሰዎች በሳቅ ወደቁ፤ ነገሩ ያልገባው እንግዳ ሁሉ ሲተረጎምለት እሱም ወደቀ። የወይዘሮ ትርንጎ እህት ከድንኳኑ ጥግ ሆነው ያለቅሱም ይስቁም ነበር።

ሙሽሮቹ ከመሸኘታቸው በፊት ወይዘሮ ትርንጎ እጃቸውን አነሱ። ከበሮው ቆመ።

«አንድ አዲስ ዘፈን አለኝ» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ በዘፈንኩበት ሰርግ ሁሉ እዘፍነዋለሁ፤ ከእኔ በኋላም ልጄ ትዘፍነዋለች። ዜማው አልቋል። አዝማቹም ይሄ ነው፦

ቆሜ ዘፈንኩኝ፣ ቆሜም ዋልኩኝ፣
በ... ምክንያት ሙሽራ ሸኘሁኝ።

የቀረኝ ባዶው ቦታ ነው። ሦስታችሁም እዚህ አላችሁ። የማንን ስም ላግባ?»

«የሦስቱንም አስገቢያ!» አለ አንዱ እንግዳ።

«ሦስት ስም ካስገባሁበት ዜማው ይሰበራል። አዝማች የሚይዘው አንድ ስም ነው።»

«ሌሎቹን በግጥሙ ውስጥ አድርጊያቸው።»

«ግጥሙን ማን ያስታውሳል? ሰው ቤቱ ይዞት የሚሄደው አዝማቹን ነው። ውድነሽም፣ ኑሪያም፣ ኦብሳም ብል ምቱ ላይ ልክ ይገባል፤ ሞክሬዋለሁ። ዜማው አይመርጥልኝም።»

መጀመሪያ የተናገሩት ወይዘሮ ውድነሽ ናቸው። «የኑሪያን አስገቢ። እኔ ምን አደረግኩ? ያየሁትን ሰቀልኩ። ሰው ፊት ቆሞ ‹እኔ ነኝ የተሳሳትኩት› ማለት ግን እኔም አልችለው።»

ኑሪያ ራሷን ነቀነቀች። «እሳቸው ባይሰቅሉት እኔ የምነቅለው ስህተት አልነበረኝም። አይጦቹ ሞተው፣ ክፍሉ ተጠርጎ፣ እኔ እስከ ዛሬ እየተጨበጨበልኝ ነበር የምኖረው። የእትዬ ውድነሽ ይሁን።»

ሁሉም ወደ ኦብሳ ዞረ። እሱም ጭንቅላቱን አከክ አከክ አደረገና «እኔስ የእኔ ቢሆን ደስ ይለኛል። ሰርግ ላይ ቆሜ ልዋሽ?» አለ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ።

ከዚያ በኋላ ሰርጉ ለሦስት ተከፈለ። የሙሽራው ዘመዶች ለወይዘሮ ውድነሽ ቆሙ፤ «ሁሉም አልቋል ሲል አላለቀም ያሉት እሳቸው ናቸው። የእንጀራ ገመዳቸውን አደጋ ላይ ጥለው ባይሰቅሉት ጉዳዩ አርብ ዕለት ይቀበር ነበር» አሉ። የሙሽሪት ዘመዶች ለኑሪያ ቆሙ፤ «ወረቀቱ አልዳኑም አለ እንጂ መቼ እንደታመሙ አልተናገረም። አራተኛውን ሳምንት ያገኘችው እሷ፣ ክብሯን ከፍላ ለሐኪሙ ሁሉ የነገረችው እሷ» አሉ። ወጣቶቹ ደግሞ ለኦብሳ ቆሙ፤ «ማየትና ማወቅ ማንን አዳነ? ያለውን መድኃኒት ሁሉ ሰጥቶ፣ የገዛ ሰውነቱንም ሰጥቶ እጃቸው ላይ ያደረሰላቸው እሱ አይደለም?» አሉ። «አይጦቹስ?» ብሎ አንድ ሰው ቢቀልድ ሁሉም ሳቀ፤ ወይዘሮ ውድነሽ ግን አልሳቁም። «እነሱስ እውነት ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ፕሮፌሰር ላቀው ፍረዱ ቢባሉ «እኔ በሳይንስ ነገር ነው የምፈርደው» ብለው ለሦስተኛ ጊዜ ተነስተው ወጡ።

ሙሽሮቹ መኪናው አጠገብ ቆመው ይጠብቃሉ። ከበሮ መቺዋ መምታት ጀምራለች፤ ሰዉም ያጨበጭባል፤ ወይዘሮ ትርንጎ የመጀመሪያውን ስንኝ አውጥተው ባዶው ቦታ ላይ ሊደርሱ ነው። እናንተስ በዚያ ድንኳን ውስጥ ብትሆኑ ከማን ጋር ትቆሙ ነበር? አይቶ ዝም ካላለው፣ ስቶ ካልደበቀው፣ ሰጥቶ ካልሰሰተው፣ ከሦስቱ አዝማቹ ውስጥ የሚገባው የማን ስም ነው?